ትምህርት ሰባት፦ ለችግሩ የሚመጥነውን የአእምሮ ጤና ድጋፍ ለይቶ ማግኘት

መግቢያ

ኮቪድ-19 በኢትዮጵያ መከሰቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተረጋገጠበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ የብዙ ሰዎች ኑሮ ተናግቷል። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራው የሚያገኘው ሰው ገቢው ቀንሷል፤ በወረርሽኙ ወቅት መጨባበጥና መሳሳም ቀርቶ ሰላምታ ከሩቅ ሆኖ ነበር፤ እንደ ወትሮው ተሰብስቦ ለቅሶ መድረስ እንኳ አልተቻለም ነበር። በዚህ መካከል ሥጋት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቁጣ፣ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ በየቤቱ መታየታቸው የሚጠበቅ ነው።

ቤተሰቦችን የሚያስቸግረው ጥያቄ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ «ይህ በራሱ የሚያልፍ ነው ወይስ ሕክምና ይፈልጋል? ሕክምና የሚፈልግ ከሆነስ ወዴት ይኬዳል?» የዚህ ጥያቄ መልስ ሲሳሳት ጉዳቱ በሁለት በኩል ይመጣል። በአንድ በኩል ከባድ ሕመም የያዘው ሰው «ያልፍለታል» እየተባለ ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት በቤት ውስጥ ይቆያል፤ ሕመሙም ይሥር ይሰድዳል። በሌላ በኩል ዕረፍት፣ ትክክለኛ መረጃና የሚያዳምጥ ወዳጅ ቢያገኝ የሚበረታ ሰው፣ ማንም ሳይመረምረው ከመድኃኒት ቤት የእንቅልፍ ኪኒን ገዝቶ መውሰድ ይጀምራል፤ ወይም ከሩቅ አገር ተነሥቶ ከፍተኛ ሆስፒታል ደጅ ይጠናል። ስለዚህ ዋናው ነገር ድጋፉ ከችግሩ ክብደት ጋር መመጣጠኑ ነው።

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ያጠናቀቀ ሰው፦
• የተለመደ ጭንቀትን ሕክምና ከሚያስፈልገው ሕመም ለመለየት የሚረዱትን ሦስት ጥያቄዎች ያውቃል፤
• አራቱን የድጋፍ ደረጃዎችና በየደረጃው የሚገኘውን አገልግሎት ይለያል፤
• ለነገ የማይባሉ የአደጋ ምልክቶችን አውቆ በወቅቱ እርምጃ ይወስዳል።

1. ጭንቀት ሁሉ ሕመም አይደለም

ሥጋት ሰውን ከአደጋ የሚጠብቅ ተፈጥሯዊ ስሜት ነው። እጅን ደጋግሞ የሚያስታጥብና ሰው ከበዛበት ስፍራ የሚያርቅ እርሱ ነው። የሚወዱትን ሰው በሞት ያጣ ሰው ማልቀሱ፣ ሥራውን ያጣ ሰው ሌሊቱን ሲያሰላስል ማደሩ፣ በለይቶ ማቆያ የቆየ ሰው ሆድ መባሱ፣ ለደረሰበት ነገር የተሰጠ ጤናማ ምላሽ ነው። አብዛኛው ሰው ኑሮው ሲረጋጋና በዙሪያው ሰው ሲኖረው ከዚህ ስሜት ቀስ በቀስ ይወጣል።

ብዙ ሰው ጭንቀቱን በስሜት ቃል አይናገረውም። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ»፣ «ልቤን ይወጋኛል»፣ «ጀርባዬን ያንገበግበኛል» እያለ የሰውነቱን ሕመም ይናገራል። ይህ ማስመሰል ወይም ማጋነን አይደለም፤ ጭንቀት በእርግጥ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ የልብ ምትንና የጡንቻን መላላት ያውካል። ሆኖም የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠርና ትኩሳት የኮቪድ-19 ወይም የሌላ አካላዊ ሕመም ምልክቶችም ስለሆኑ፣ በጤና ባለሙያ ሳይመረመሩ «ጭንቀት ነው» ተብለው መታለፍ የለባቸውም።

2. ሦስቱ መለያ ጥያቄዎች

የችግሩን ክብደት ለመገመት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች ለራስ ወይም ለቤተሰብ አባል በእርጋታ ማቅረብ ይበቃል።

አንደኛ፦ ምን ያህል ጊዜ ቆየ? ለጥቂት ቀናት መጥቶ የሚሄድ ሐዘንና ጭንቀት የተለመደ ነው። አብዛኛውን ቀን፣ ከቀን ወደ ቀን ሳይለቅ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የዘለቀ ሐዘን፣ ወይም ቀድሞ ደስ ለሚያሰኝ ነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት ግን የድባቴ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፦ የዕለት ኑሮን ምን ያህል አስተጓጎለ? እየተጨነቀም ቢሆን ሥራውን የሚሠራ፣ ልጆቹን የሚንከባከብ፣ ከሰው ጋር የሚነጋገር ሰው አቅሙ አልተሟጠጠም። ከአልጋው መነሣት ያቃተው፣ ምግብ ማብሰል ወይም ገላ መታጠብ የከበደው፣ ሥራውን የተወ፣ ከሰው ሁሉ የሸሸ ሰው ግን ከቤተሰብ ምክር ያለፈ ድጋፍ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፦ አደጋ አለ? ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ሌላውን የመጉዳት ዛቻ፣ ምግብና ውኃ እምቢ ማለት፣ ወይም በእውኑ የሌለ ድምፅ እየሰሙ በዚያ መመራት ካለ፣ ከዚህ በፊት ያሉት ሁለት ጥያቄዎች ምንም ቢመለሱ ጊዜ ሳይሰጥ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

በአጭሩ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች የድጋፉን ደረጃ ይነግራሉ፤ ሦስተኛው ፍጥነቱን ይወስናል።

3. አራቱ የድጋፍ ደረጃዎች

በአደጋ ጊዜ የሚሰጥ የአእምሮ ጤናና የሥነ ልቦና ማኅበራዊ ድጋፍ በአራት ደረጃዎች እንዲደራጅ የሚመክረው ዓለም አቀፍ መመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። መመሪያው ደረጃዎቹን በፒራሚድ ይመስላቸዋል፤ ከታች ያለው ሰፊው መሠረት ለሁሉም ሰው የሚያስፈልግ ሲሆን፣ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ድጋፉ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር ያንሳል፤ የሚጠይቀው ሙያ ግን ይጨምራል።

ደረጃ አንድ፦ መሠረታዊ ፍላጎትና ትክክለኛ መረጃ

የቤት ኪራይ የሚከፍለው ያጣ ሰው ጭንቀቱ በምክር ብቻ አይቀልም። ምግብ፣ መጠለያ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ከጥቃት መጠበቅና የታመነ መረጃ ማግኘት ራሳቸው የአእምሮ ጤና ድጋፎች ናቸው። ስለሆነም የቀበሌ ወይም የወረዳ አስተዳደር፣ አሠሪ፣ የዕድርና የበጎ ፈቃድ ኮሚቴ ችግረኛ ቤተሰብን ሲደግፉ የብዙ ሰው ጭንቀት ሳይታከም ይቀልላል።

ወሬም እንዲሁ ልክ ያስፈልገዋል። ከጧት እስከ ማታ የሟቾችን ቁጥር መከታተልና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚነዛ ያልተጣራ ወሬን ማዳመጥ ሥጋትን ያባብሳል። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከታመነ ምንጭ ዜና መስማት ይበቃል። በወረርሽኙ ወቅት ስለ ኮቪድ-19 ጥያቄ የነበረው ሰው በ8335 ወይም በ952 ነፃ የስልክ መስመር መጠየቅ ይችል ነበር።

ደረጃ ሁለት፦ የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድጋፍ

በኢትዮጵያ ሰውን ከከባድ ሐዘን የሚያወጣው የቆየ ሥርዓት አለ። ዕድሩ ድንኳን ይጥላል፤ ጎረቤት ቡና ያፈላል፤ ዘመድ በሰልስቱ ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛው ለብቻው አይተውም። ወረርሽኙ ጉዳት ያደረሰው በዚሁ ሥርዓት ላይ ጭምር ነው። ቀብሩ በጥቂት ሰዎች ሲፈጸም፣ ለቅሶው ሳይወጣለት የቀረ ሐዘንተኛ ሐዘኑ በውስጡ ይታመቃል።

ስለዚህ የሥርዓቱን መልክ ለውጦ ፍሬውን ማቆየት ያስፈልጋል። የዕድር አባላት በተራ በተራ፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገውና ርቀታቸውን ጠብቀው፣ ከተቻለም በግቢ ወይም በደጅ ሆነው ሐዘንተኛውን መጠየቅ ይችላሉ። በየቀኑ ስልክ የሚደውል ሰው መመደብ፣ ስንቅ በር ላይ ማድረስ፣ በ40ው ወይም በ80ው ቀን ስለ ሟቹ አንስቶ መጨዋወት ትልቅ እፎይታ ይሰጣል። የንስሐ አባት፣ የመስጊድ ኢማምና የቤተ ክርስቲያን አገልጋይም በስልክ ሊያጽናኑ ይችላሉ።

በዚህ ደረጃ ማንም ሰው ሊሰጠው የሚችለው እርዳታ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ይባላል። ሦስት ተግባራት አሉት፦ ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት። ማየት ማለት አስቸኳይ ነገር የሚያስፈልገው ማን እንደ ሆነ መለየት ነው። ማዳመጥ ማለት ሳያቋርጡ፣ ሳይፈርዱና እንዲናገር ሳያስገድዱ መስማት ነው። ማገናኘት ማለት ከቤተሰቡ፣ ከሚያስፈልገው አገልግሎትና ከጤና ተቋም ጋር ማስተሳሰር ነው። «እግዚአብሔር ያመጣው ነው፣ አታልቅስ» ወይም «ከአንተ የባሰ አለ» የሚሉት ቃላት በቅንነት የሚነገሩ ቢሆኑም ብዙ ጊዜ የተጎዳውን ሰው ዝም ያሰኙታል። «ከባድ ነገር ነው የደረሰብህ፤ እስቲ ንገረኝ» ማለት ይሻላል።

ደረጃ ሦስት፦ በጤና ጣቢያ የሚሰጥ ሕክምና

ችግሩ ሁለት ሳምንት ካለፈው ወይም የዕለት ኑሮን ካስተጓጎለ፣ ቀጣዩ በር በአቅራቢያ የሚገኘው የጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የአእምሮ ሕክምና ሲባል በብዙዎች ዘንድ የሚታሰበው አዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ነው፤ ሆስፒታሉም ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ በመቆየቱ አስተሳሰቡ የመነጨው ከእውነት ነው። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባስጀመረው መርሐ ግብር መሠረት፣ የተለመዱ የአእምሮ ሕመሞችን ልዩ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ሠልጥነው እንዲያክሙ የማድረግ ሥራ በኢትዮጵያም ሲከናወን ቆይቷል። ሥልጠናውን ያገኘ ነርስ ወይም የጤና መኮንን ድባቴን፣ የሚጥል ሕመምን፣ ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ችግርንና ከባድ የአእምሮ ሕመምን መለየትና ሕክምና መጀመር ይችላል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደግሞ ቤት ለቤት ስትዘዋወር ምልክት ያየችበትን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች፤ ሕክምና የጀመረውም እንዳያቋርጥ ትከታተላለች። ቤተሰብ የጀመረውን ጥርጣሬ ለእርሷ መንገር ቀላሉና ቅርቡ መንገድ ነው።

ታካሚው ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቱ፣ ስለ ሐሳቡ፣ ስለ መጠጥና ስለ ጫት ይጠየቃል፤ አካላዊ ምርመራም ይደረግለታል። ወደ ባለሙያ ሲቀርብ ምልክቱ መቼ እንደ ጀመረ፣ ምን ማድረግ እንዳቃተው፣ ከዚህ ቀደም ወይም አሁን የሚወስደው መድኃኒት ምን እንደ ሆነ መናገር ምርመራውን ያፋጥናል። «ራሴን አመመኝ» ብሎ የራስ ምታት ኪኒን ይዞ ከመመለስ፣ «እንቅልፍ ካጣሁ አንድ ወር ሆነኝ፤ ሥራ መሥራት አቃተኝ» ብሎ መንገር ወደ ትክክለኛው ሕክምና ያደርሳል። ሚስጥሩን ለመናገር የሚፈልግ ታካሚ፣ በተለይም በቤቱ ጥቃት የሚደርስበት ሰው፣ ቤተሰብ በሌለበት ብቻውን እንዲያነጋግሩት መጠየቅ ይችላል።

ሕክምናው ምክር፣ መድኃኒት ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ድባቴን የሚያክሙ መድኃኒቶች እንደ ራስ ምታት ኪኒን በሰዓታት ውስጥ አይሠሩም፤ ለውጡ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንታት ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአፍ መድረቅ ወይም መፍዘዝ ሊያጋጥም ይችላል። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚተወው በዚሁ ጊዜ፣ ጥቅሙ ሳይታይ ጉዳቱ ብቻ በሚሰማበት ሰሞን ነው። ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላም ቢሆን ሕመሙ እንዳይመለስ ሕክምናው ከ9 እስከ 12 ወራት ሊቀጥል ይገባል፤ ማቆሚያውን የሚወስነውም ሐኪሙ ነው።

ደረጃ አራት፦ የልዩ ባለሙያ ሕክምና

በጤና ጣቢያ የጀመረው ሕክምና ካልረዳው፣ ሕመሙ ከበድ ያለና የተወሳሰበ ከሆነ፣ ወይም ተኝቶ መታከም ካስፈለገ፣ ታካሚው ወደ ሆስፒታል ይላካል። የሥነ አእምሮ ነርሶች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የሚገኙት በዚህ ደረጃ ነው። አገልግሎቱ በአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ አልቀረም፤ በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎችን የመሳሰሉ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች፣ በክልሎችም እንደ ጅማ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ይሰጡታል። ስለዚህ ረጅም መንገድ ከመጓዝ በፊት በቅርብ የሚገኘው ሆስፒታል አገልግሎቱን ይሰጥ እንደ ሆነ ከጤና ጣቢያው መጠየቅ ጉልበትንና ገንዘብን ያድናል።

በሪፈር ወረቀት መሄድም ጠቃሚ ነው። ወረቀቱ የተደረገውን ምርመራና የተሰጠውን መድኃኒት ስለሚገልጽ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ አይጀመርም። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል የሆነ ሰውም የአባልነቱን ጥቅም ሳያጎድል የሚገለገለው ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ሲላክ ነው። አደጋ ያለበት ታካሚ ግን ቅደም ተከተል ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።

4. ለነገ የማይባሉ ምልክቶች

የሚከተሉት በማንኛውም ሰዓት ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ናቸው።

• ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ሙከራ። «መኖር ሰለቸኝ»፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት፣ ንብረትን ማከፋፈል ወይም የስንብት ንግግር ማድረግ ሊናቁ አይገባም። ስለ ራስ ማጥፋት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፤ ይልቁንም የተጨነቀው ሰው ሸክሙን እንዲያካፍል በር ይከፍታል። እንዲህ ያለ ሰው ለብቻው መተው የለበትም። በቤት ያሉ መድኃኒቶች፣ የተባይ ማጥፊያ ኬሚካሎችና ስለታም ነገሮች ከአጠገቡ ርቀው ተቆልፈው ይቀመጡ፤ ታማኝ ሰው አብሮት ሆኖ ወደ ጤና ተቋም ይውሰደው።

• በድንገት የመጣ የሐሳብ መዛባት። ትናንት ደህና የነበሩ አዛውንት ዛሬ ቀኑን ካልለዩ፣ ቤተሰባቸውን ካላወቁ፣ ወይም የማይያያዝ ነገር ከተናገሩ፣ ይህ የአእምሮ ሕመም ተብሎ መተው የለበትም። ኮቪድ-19ን ጨምሮ ኢንፌክሽን፣ የኦክሲጅን ማነስ ወይም የስኳር መዛባት እንዲህ ያለውን ምልክት ያመጣል፤ አስቸኳይ የአካል ሕክምናም ይፈልጋል።

• መጠጥ በድንገት ማቋረጥ የሚያስከትለው ሕመም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው መጠጥ ቤት ሲዘጋበት ወይም ለይቶ ማቆያ ሲገባ፣ ከጥቂት ሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልበው፣ የሌለ ነገር ሊያይ ወይም ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ይህ ሕይወትን የሚያሳጣ በመሆኑ የሐኪም እርዳታ ግድ ነው።

• ከወሊድ በኋላ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ የሚታይ እንቅልፍ አልባነት፣ ግራ መጋባትና በሕፃኑ ላይ የተለየ ጥርጣሬ። እናትየውም ሕፃኑም ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል።

• የሌለ ድምፅ መስማት፣ «ሊገድሉኝ ነው» የሚል ጽኑ እምነት፣ ለቀናት አለመተኛት፣ ምግብና ውኃ እምቢ ማለት፣ ሌላውን ለመጉዳት መነሣት።

5. ደረጃውን ስለ መምረጥ ሦስት ምሳሌዎች

ምሳሌ አንድ። አንድ የታክሲ ረዳት ተሳፋሪ በግማሽ ሲቀነስ ገቢው አነሰ። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ስለ ቤት ኪራይ ያስባል፤ በልጆቹም ላይ ይቆጣል። ሆኖም በየቀኑ ይሠራል፤ ከጓደኞቹ ጋርም ይጫወታል። ለዚህ ሰው የሚመጥነው የመጀመሪያውና የሁለተኛው ደረጃ ነው፦ ከአከራዩ ጋር ስለ ክፍያ ጊዜ መነጋገር፣ ችግሩን ለዕድሩ ወይም ለወረዳው ማሳወቅ፣ ማታ ዜና መከታተልን ማቆም፣ ለባለቤቱ የልቡን መናገር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሱን እንደገና ቢጠይቅ መልካም ነው።

ምሳሌ ሁለት። አንዲት ወጣት ከአረብ አገር ተመልሳ 14 ቀን በለይቶ ማቆያ ቆየች። ወደ ቤቷ ስትገባ ጎረቤት ሸሻት፤ «በሽታ ይዛ መጣች» ተባለች። አንድ ወር ተኩል አልፎ እንኳ በሌሊት እየባነነች ትነሣለች፤ በአሠሪዎቿ ቤት የደረሰባትን የሚያስታውስ ነገር ሁሉ ያስፈራታል፤ ከቤት አትወጣም። ቤተሰቧ ሊያጽናናት ይገባል፤ ይህ ብቻውን ግን አይበቃትም። ጊዜው ረዝሟል፤ ኑሮዋም ቆሟል። በጤና ጣቢያ በሠለጠነ ባለሙያ መታየት ያስፈልጋታል። የእናቷ እርዳታ የሚጀምረው «እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ» ከማለት ነው።

ምሳሌ ሦስት። አንድ የ20 ዓመት ተማሪ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ወደ ገጠር ተመለሰ። ከሁለት ወር በኋላ ብቻውን መናገር ጀመረ፤ ምግቡ ውስጥ መርዝ እንዳለ ስላመነ መብላት ተወ፤ ለሦስት ሌሊት አልተኛም። ይህ የአደጋ ምልክት ስለሆነ ቀጥታ ሆስፒታል ይወሰዳል። ማሰርና መደብደብ ሕመሙን ያባብሳል፤ ለአካል ጉዳትም ያጋልጣል። የሚያምነው ዘመድ በለሰለሰ ድምፅ አነጋግሮ፣ ከክርክር ተቆጥቦ ይዞት ቢሄድ ይሻላል። እንዲህ ያለ ሕመም ቶሎ ሲታከም ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ የመመለስ ተስፋው ከፍ ያለ ነው።

6. ነባር ሕመም ላለባቸው ሰዎች

ከወረርሽኙ በፊት መድኃኒት ይወስዱ የነበሩ ሰዎች ሆስፒታል ለመሄድ በመፍራት ሕክምና ማቋረጣቸው አሳሳቢ ነበር። የአእምሮ ሕመምና የሚጥል ሕመም መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል፤ የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ተደጋጋሚ መንዘፍዘፍ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማሰብ፣ ለረዘም ያለ ጊዜ እንዲሰጥ ሐኪሙን መጠየቅ፣ ታካሚው መሄድ ካልቻለ አስታማሚው ካርዱን ይዞ እንዲሄድ ማድረግ ያስፈልጋል።

7. ጸሎትና ሕክምና

ብዙ ኢትዮጵያውያን በመጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ጸበል፣ ወደ ሩቅያ ወይም ወደ ጸሎት ቤት ነው። እምነት ለታመመ ሰው ተስፋና አጋር ይሰጣል፤ ሕክምናም እምነትን አይከለክልም። ጉዳት የሚመጣው መድኃኒት እንዲቆም ሲደረግ፣ ታማሚው በሰንሰለት ሲታሰር፣ በረሃብ ሲቆይ ወይም ሰው በተጨናነቀበት ስፍራ ለኮቪድ-19 ሲጋለጥ ነው። ታማሚው ጸበሉን እየተጠመቀ መድኃኒቱን በሰዓቱ መዋጥ ይችላል። የሃይማኖት አባት «መድኃኒትህን እንዳትተው» ብሎ አንድ ጊዜ መናገሩ፣ ከብዙ የባለሙያ ምክር ይልቅ ሊሰማ ይችላል።

8. የተመረጠው ድጋፍ በቂ መሆኑን ስለ መመዘን

ደረጃ አንድ ጊዜ ተመርጦ የሚቆም ነገር አይደለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሥራና ከሰው ጋር መገናኘት ተሻሽለው እንደ ሆነ መገምገም ይገባል። መሻሻል ካለ የተጀመረው ይቀጥል፤ ከሌለ ወደሚቀጥለው ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። ለውጥ ያላየ ታካሚ ሕክምናውን ከመተው ይልቅ ለባለሙያው መንገር አለበት፤ መጠን ማስተካከል፣ መድኃኒት መለወጥ ወይም ወደ ሆስፒታል መላክ የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።

ወደ ታች መውረድም የሕክምናው አካል ነው። ከሆስፒታል የወጣ ታካሚ ክትትሉን በቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ ሊቀጥል ይችላል። ቤት ሲመለስ ደግሞ ሥራ፣ ማኅበርና ጎረቤት ያስፈልጉታል። የሆስፒታል አልጋ የጀመረውን ፈውስ የሚጨርሰው ሰው እንደ ቀድሞው ሲጠራው፣ ለዕድርም ለሠርግም ሲታሰብ ነው። «እብድ» የሚለው ስም ከተለጠፈበት ግን ለሁለተኛ ጊዜ ሲታመም ሕመሙን ይደብቃል፤ ወደ ሕክምናም ዘግይቶ ይመጣል።

ማጠቃለያ

• ለሁሉም ሰው መሠረታዊ ፍላጎት፣ ትክክለኛ መረጃና አጽናኝ ወገን ያስፈልጋል።
• ሁለት ሳምንት ያለፈው ወይም ኑሮን ያስተጓጎለ ችግር በጤና ጣቢያ ይታይ።
• አደጋ ካለ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይኬድ።
• የተጀመረ መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር አይቋረጥ።
• ድጋፉ ካልበቃ ወደ ላይ፣ ሲሻል ወደ ማኅበረሰቡ መመለስ ይገባል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢው የሚገኘው ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በየትኞቹ ቀናት ይሰጣል? ይህን ለማወቅ ማንን መጠየቅ ይቻላል?
2. ዕድሩ ሐዘንተኛን ከበሽታው እየተጠነቀቀ ለማጽናናት ምን ዓይነት ተራ ሊያወጣ ይችላል?
3. በጎረቤት ለረጅም ጊዜ ከቤት ያልወጣ ሰው ቢኖር፣ በሦስቱ መለያ ጥያቄዎች መሠረት የሚመጥነው ድጋፍ የትኛው ነው?